የዋስ ሚስት

ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

ትምህርት ቤት ተዘጋ። የሦስተኛ ክፍል ልጆቼን ካርድ አድዬ ጨርሻለሁ፤ ክረምቱ እንግዲህ የልጄ የጽናት ነው። ይህን ደብተር የጀመርሁትም የሆስፒታሉ ባለሙያ የሚለውን እንዳልረሳ ብዬ ነው።

ሚያዝያ ላይ ልጄን ባጃጅ ገጭቷት የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ጄሶው ከወጣላት በኋላ ዛሬ ደሴ ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጌታ ይመስገን። ጉልበቷ ግን አልታጠፍ ብሏል። እንቅስቃሴ የሚያሠራት ሀፊዝ የሚባል ወጣት ነው። እግሯን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ሲገፋው ጥርሷን ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። አላለቀሰችም። ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርሁት እኔ ነኝ።

«በሳምንት ሦስት ቀን መምጣት አለባት» አለኝ። «ይህ ክረምት በከንቱ ካለፈ ጉልበቱ እንደደረቀ ይቀራል። ላስፈራራዎት ሳይሆን እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ስንመለስ ሚኒባሶቹ እያዩን አለፉ። እግሯ እንደተዘረጋ ስለሆነ የሰው ቦታ ይይዛል። በመጨረሻ የሦስት ሰው ከፍለን ተሳፈርን። ቁልቁለቱን ስንወርድ በየመታጠፊያው እግሯ ከፊት ወንበር ብረት ጋር እንዳይጋጭ እጄን መሃል አስገባሁ።

ባለቤቴ ከፍያለው ማታ እጄን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«በር ነው» አልሁት። እሱስ ስንቱን ይሸከም።

ሐምሌ 5

መኪና እንግዛ ያልሁት እኔ ነኝ። አሮጌ ዲኤክስ ይበቃናል። እኔ ከደመወዜ ያስቀመጥሁት አለ። ከፍያለው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ትርፍ ሰዓት ሲሠራ ከርሟል፤ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ የሚያልፈውን አውቃለሁ፣ ያለ ዕረፍት ነው። ስንት እንዳጠራቀመ ጠይቄው አላውቅም። እንዲህ ያለ ባል እየተጠየቀ አይኖርም። የጎደለውን ባንክ ያበድረናል።

አብራኝ የምታስተምረው አትጠገብ ዛሬ ልትጠይቀን መጥታ ሳማክራት እጇን አወናጨፈች።

«ባይነሽ፣ መኪና ማየት እንዳትጀምሪ! መጀመሪያ ባንክ ሄዳችሁ ስማችሁን አስጣሩ። እኔ አንዷን ወድጄ ቀብድ ከከፈልሁ በኋላ ነው ባንኩ እምቢ ያለኝ። አሁን እንደ ድሮ አይደለም። ማን ከየት እንደተበደረ፣ ከፈለ አልከፈለ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ባንክ ቁጭ ብለው በኮምፒውተር ያዩታል።»

«የእኛ ስም ምን ይገኝበታል ብለሽ ነው?» አልኋት። «እኔ ከባለ ሱቅ ስኳር እንኳ በዱቤ ወስጄ አላውቅም።»

ከፍያለው የጽናትን ክራንች ጎማ እያጠበቀ ነበር። «ምን አስቸኮለን? በጋ ላይ ይሻላል» አለ። በጋ! ጉልበቷ በጋን ይጠብቃል? ተቆጣሁት። ወዲያው ደግሞ አዘንሁ፤ ከፈረቃ የገባ ሰው ነው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ በሴቶች ኅብረት ስብሰባ ስለዚያች የኅብረቱን ገንዘብ ተበድራ ስለቀረች እህት ተነሣ። «ከመዘመሯ በፊት ዕዳዋን ትክፈል» አልሁ። ሴቶቹ ሳቁ። ከፍያለው በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ አንድም ቃል አልወጣውም። ደክሞታል።

ሐምሌ 9

ባንክ ሄደን ሁለታችንም ፈረምን፤ ስማችን ይጣራ ብለን። ከፍያለው እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። «ባይነሽ» አለኝ።

«ምን?»

«ምንም። ዝናቡ ሊመጣ ነው ልልሽ ነው።»

ጽናትን ይዤ ልሮጥ። ሚኒባስ።

ሐምሌ 14

የብድር ክፍሏ ልጅ ትሑት ናት፤ ወንበር ስባ ካስቀመጠችኝ በኋላ ነው የነገረችኝ።

«የእርስዎ ምንም የለበትም። ባለቤትዎ ግን ዋስ የሆኑበት ብድር ውዝፍ አለበት። ከሚያዝያ ወዲህ አልተከፈለም።»

«ተሳስታችኋል» አልኋት። «አባቱንና አያቱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«የሰው ስም ይመሳሰላል እኮ።»

«ተበዳሪው ሱሌማን ይባላሉ። ወፍጮ የገዙበት ብድር ነው። ያውቋቸዋል?»

አውቀዋለሁ። የከፍያለው የሥራ ባልደረባ ነበር። ፋብሪካውን ለቅቆ ደሴ ዙሪያ ወፍጮ ተከለ፤ አምና ጥቅምት ላይ ሞተ። ለቅሶውን ደርሻለሁ፤ ሚስቱን ከይሪያን አቅፌ አልቅሻለሁ። ያኔ ከፍያለው ከሁሉ ሰው በኋላ ከመቃብሩ ሲመለስ ወዳጁ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።

ልጅቱ እንድጽናና ብላ ይመስለኛል፣ «አበዳሪው ባንክ ወፍጮውን በሐራጅ ቢሸጠው ዕዳው ይዘጋል፤ የባለቤትዎም ስም ይጠራል። ዋስ እንደመሆናቸው መጀመሪያ ንብረቱ ይሸጥልኝ ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ያን ጊዜ የመኪናውን ብድር እኛው እንጨርስልዎታለን» አለችኝ።

አመስግኛት ወጣሁ። የባንኩን ዘበኛ ተሰናብቼው ይሁን አይሁን አላስታውስም።

ማታ

ጽናት እስክትተኛ ጠበቅሁ። ከዚያ፣ «ሱሌማን» አልሁት፤ ሌላ ቃል አልጨመርሁም።

ከፍያለው ተቀመጠ። እንደተፈታ ሰው ተነፈሰ። «አወቅሽ?»

«ባንክ ነገረኝ። የባሌን ነገር ባንክ ነገረኝ።»

ሁሉንም አወራልኝ። ሱሌማን ሲታመም ክፍያው እየተጓተተ ነበር። ከፍያለው ከትርፍ ሰዓቱ እያወጣ ይሸፍንለት ጀመር። ሱሌማን ሲሞትም ቀጠለ። ጥቂቱን ከይሪያ፣ ብዙውን እሱ።

«ታዲያ ሚያዝያ ላይ ለምን ቆመ?» አልሁት።

አየኝ። መልሱን እኔ እንድደርስበት የጠበቀ ይመስለኛል። ሚያዝያ ላይ የጽናትን ቀዶ ሕክምና የከፈልነው «ከትርፍ ሰዓቴ ነው» ብሎ ባመጣው ብር ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም ከፍያለው? ዓሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረን!»

«እንዴት ብዬ?» አለ።

እንዴት ብዬ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የማልሰማ ሰው ነኝ እንዴ? አልጮኽሁ፣ አልተሳደብሁ። ተናድጄም አይደለም። ተናድጄ አይደለም።

ሐምሌ 16

ተናድጃለሁ። ሽሮው አረረብኝ። ጽናት «እማዬ፣ ከአባዬ ጋር ተጣላችሁ?» አለችኝ። አልተጣላንም አልኋት። ዛሬ የሆስፒታል ቀን ነበር፤ ሀፊዝ ጉልበቷ እንዳለፈው ሳምንት ነው፣ ቤት ውስጥም አዘውትሪ አላት። ለውጥ የለውም ማለቱ ነው።

ነገ ከይሪያ ጋ እሄዳለሁ። የምላትንም አዘጋጅቻለሁ። አልቆጣትም። እናት ናት፤ እኔም እናት ነኝ። ወፍጮው ይሸጥ እላታለሁ። የእኔ ልጅ እግር ነው። ይገባታል።

ሐምሌ 17

ብዙ ነገር ሆኗል፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጽናትን ከፍያለው ጋ ትቼ በጠዋት ወጣሁ። ከደሴ ሌላ ሚኒባስ ይዤ፣ የቀረውን በጭቃ በእግሬ ሄድሁ። ወፍጮው ከመንገዱ ዳር ነው። ድምፁን ከሩቅ ሰማሁት። ገበሬዎች እህላቸውን አስደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከይሪያ ዱቄት ለብሳ፣ ሻርፗን አፏ ላይ አስራ ትመዝናለች። ስታየኝ ሚዛኑን ለአንዲት ሴት ትታ መጣች።

«አንቺ ባይነሽ! በዚህ ዝናብ! ደህና አይደላችሁም እንዴ? ልጅቱ እንዴት ሆነች? ስትገጭ ሰምቼ ሳልመጣ ቀረሁ፤ አውፍ በይኝ፣ ወፍጮውን የምጥልበት አጣሁ።»

ቤቷ አስገባችኝ። ረመዳን ነው፤ እሷ ጾመኛ ናት። ለእኔ ግን እንጀራና ድንች ወጥ አቀረበች። አልበላም፣ አንቺ ሳትበዪ ብላት «ወላሂ ትበያለሽ! የእኔ ጾም የእኔ ነው። ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው በባዶ ሆዱ ከቤቴ አይወጣም» አለችኝ። በላሁ። የሰው ወፍጮ ላሸጥ መጥቼ እህሏን በላሁ።

ወዲያው እሷው ጀመረች። «ከፍያለው ነው የላከሽ? አይ፣ እሱ አይልክሽም።»

«ባንክ ነው የነገረኝ።»

አቀረቀረች። «አልነገረሽም ማለት ነው። እኔ የምታውቂ መስሎኝ ሁልጊዜ ለሁለታችሁም ነው ዱዓ የማደርግ።»

ከዚያ የማላውቀውን ሁሉ አወራችኝ። ሱሌማን ወለድ ስለሚፈራ ዓመት ሙሉ ሲያመነታ ነበር። አባቱ ሐራም ነው ብለው አልመርቅህም አሉት። ወንድሞቹም ዋስ አንሆንም አሉ። «ሰው ጠፍቶ ተስፋ ሲቆርጥ ያንቺ ባል ‹እኔ አለሁ› አለው። ያባቱ ልጆች ያልፈረሙትን እሱ ፈረመ።» የካቲት ላይ ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሎ ወፍጮው ቆሞ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት እየመጣ ፈትቶ የጠገነው ከፍያለው ነው። እኔ እነዚያን እሑዶች ለምዕመን ቤት መብራት ሊዘረጋ የሄደ ነው የመሰለኝ። እሱም እንዲያ አላለኝም፤ እኔው ነኝ የገመትሁት።

«ሰኔ ላይ ወፍጮው ደህና መፍጨት ጀመረ፤ ገንዘቡንም ይዣለሁ» አለች። «ግን ባንኩን ፈራሁት። ‹ሐራጅ እናወጣበታለን› የሚል ሰው ልከው ነበር። ብሄድ ያዙኝ፣ ወፍጮውን ዘጉት ብዬ ተቀመጥሁ። ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ? ሌሊት ሌሊት መኪና ሲያልፍ መጡ እላለሁ።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር አልተናገርሁትም። አፌ ላይ ግን ነበር፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ።

«አብረን እንሂድ» አልኋት። «ባንኩ ጋ አብረን እንግባ።»

«ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

ልትሸኘኝ ስትወጣ ስለ ጽናት ጠየቀችኝ፤ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ጉልበቷ ነገርኋት። መንገዱ መሃል ቆመች። «አክስቴ ጣይባ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ብቻዋን ናት። ክፍል አላት። ምን ያመላልሳችኋል? ክረምቱን እዚያ ክረሙ!»

ሰው አናስቸግርም አልኋት።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ማን ማንን እንዳስቸገረ አላህ ያውቃል።»

ሐምሌ 18

ለከፍያለው «ወፍጮው አይሸጥም» አልሁት። እሱ ይሸጥ ብሎ አያውቅም፤ እኔው ለራሴ መልስ መስጠቴ ነው። መኪናው ይቅር አልሁት።

«ጽናትስ?» አለኝ።

የከይሪያን አሳብ ነገርሁት። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘ፤ ሰምበሩ ገና አልጠፋም። «ይህ የበር አይደለም» አለኝ። አዎ፣ አይደለም አልሁት። በዚህ ብቻ ታረቅን ማለት አይቻልም። ግን አብረን እራት በላን።

ሐምሌ 23

ዒዱ እስኪያልፍ ጠብቀን ዛሬ ሦስታችንም ደሴ አበዳሪው ባንክ ገባን። ከይሪያ ከበሩ ላይ ክንዴን ያዘች፤ እስክንወጣ አልለቀቀችኝም። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ አያት።

«ወፍጮው ይሠራል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይሠራል።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም? የሚሠራ ወፍጮ ሸጠን ምን እንጠቀማለን? ይንገሩን እንጂ።»

ያላትን ከፈለች። ቀሪውን ረዘም ላለ ጊዜ አከፋፈለላት። ከፍያለው ስለ ስሙ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ አልዋሸንም። «ስምዎ ዛሬውኑ አይጠራም። ክፍያው ሳይቋረጥ ለጥቂት ወራት ሲቀጥል ነው መረጃው የሚስተካከለው።»

መኪና በዚህ ክረምት የለም ማለት ነው። ስንወጣ ደሴ ጉም ውጧታል። ከይሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ። ከፍያለው ጃንጥላውን ለሁለታችን ይዞ እሱ ሲበሰብስ ቆየ።

ሐምሌ 27፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

እትዬ ጣይባ ቤት ገባን። አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል እንጂ ጆሯቸውን የሚያመልጥ የለም። ጽናትን ፊቷን ዳስሰው፣ «ማሻአላህ፣ ይቺ እግሯ ደርቆ አትቀርም» አሉ።

ለእኔ ደግሞ፣ «ሥጋ ብሠራ ትቸገሪብኛለሽ ብዬ ምስር ነው የሠራሁት። አልተሳሳትሁም?»

«እርስዎ ለእኛ ብለው ዒድ በወጣ ሳምንት ምስር!»

«ዒድ ይመጣል ይሄዳል። እንግዳ ግን ቀልቡ ካልረጋ ምኑን በላ?»

ማታ እኛ በዚህ ወገን ጸለይን፣ እሳቸው በዚያ ወገን ሰገዱ። ጽናት «የሁሉም ጸሎት ለእኔ እግር ነው?» አለችኝ። ነው አልኋት። ከበደኝ፤ ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣህልኝ?

ነሐሴ 4

ከዚህ እስከ ሆስፒታሉ በእግር ነው። በክራንች፣ በጭቃ፣ በገበያተኛ መሃል። መጀመሪያ ቀን ይገፏታል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አሁን ግን ሽንኩርት ሻጯ ገና ከሩቅ ስታያት «ለልጅቱ መንገድ ልቀቁ!» ትላለች፤ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ይቆሙላታል። ጽናት እንደ ሙሽራ አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋለች።

ሀፊዝ ዛሬ ጉልበቷን ለካው። ታጥፏል! ትንሽ ነው፤ ግን ታጥፏል። «ምን አድርጋችሁ ነው?» አለ። «መንገዱ ነው» አልሁት። «እንግዲያው መንገዱን እንዳትተዉት» አለ።

ነሐሴ 12

ግቢ ልብስ ሳጠብ ጎረቤታቸው መጥታ ስታወራ ሰማሁ። «እነዚህ እንግዶች ምኖችሽ ናቸው?»

«የዋሱ ሚስት ናት እኮ» አሉ እትዬ ጣይባ። «የከይሪያ ባል ዋስ፣ ያ የኮምቦልቻው።»

«ኧረ! ያ መልካም ሰው! ሚስቱም እንግዲህ እንደሱ ትሆናለች።»

ልብሱን ይዤ ቆምሁ። በዚህ ሰፈር ባሌ ከእኔ በፊት ይታወቃል። እዚያ ቤት ውስጥ እንዴት ብሎ እንደሚነግረኝ ሲያስብ የኖረ ሰው፣ እዚህ ስሙ ደጅ ለደጅ ይጠራል። የሴቶች ኅብረት ቀን «ዕዳዋን ትክፈል» ያልሁት ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ።

ልብሱን አስጥቼ ደወልሁለት። ሥራ ላይ ነበር፤ የማሽኑ ጩኸት ይሰማል። «ምን ሆናችሁ?» አለ ደንግጦ።

«ምንም አልሆንን። ድምፅህን ፈልጌ ነው።»

ከዚያ፣ «ባይነሽ፣ እስኪ ወደ ውጭ ልውጣና ድገሚልኝ፤ እዚህ አይሰማም» አለኝ። ደገምሁለት።

ነሐሴ 30

ጽናት ዛሬ ደጁ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ራሷ አሰረች። እኔም እትዬ ጣይባም ትንፋሻችንን ይዘን አየናት። ስትጨርስ «ምን ታዩኛላችሁ?» አለችን።

እትዬ ጣይባ እልል አሉ። ከይሪያ ዱቄት ይዛ ስትገባ ደርሳ፣ ሳታውቅ እልል አለች፤ ኋላ ነው «ለምንድን ነው?» ያለችው። ተሳቀ። ተመስገን፤ ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 6 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

ትምህርት ተከፍቷል። ጽናት ያለ ክራንች ትሄዳለች፤ ስትቸኩል ትንሽ ታነክሳለች። ሀፊዝ እሱም ይለቃታል ብሏል። ከይሪያ በየወሩ ስትከፍል ከባንኩ በር ላይ ትደውልልኛለች፤ «ገባሁ»፣ ከዚያም «ወጣሁ» ትለኛለች። ሌላ ወሬም ሳንጨምር አንቀርም።

ኅብረቱ ላይ ያቺ እህት ተመልሳ መጥታለች። ማንም አጠገቧ ስላልተቀመጠ እኔ ተቀመጥሁ።

ጥር 10

ባንክ የነበረችው ልጅ ራሷ ደወለች። «የባለቤትዎ መረጃ ተስተካክሏል። አሁንም መኪናውን ይፈልጋሉ?»

ጽናት ትራመዳለች። ያለ መኪናም ኖረናል። ግን እትዬ ጣይባ ዓይናቸውን ሊታዩ አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው፤ አውቶቡሱን አይችሉትም። ከፍያለውን አየሁት። «እንፈልጋለን» አልኋት።

የካቲት 15፣ እሑድ

ገዛን! ነጭ ዲኤክስ፣ ከጋብቻችን ይልቅ ያረጀ። አንደኛው መስኮት በእጅ ካልተገፋ አይዘጋም። ሞላልኝ የሚባለው ደላላ «እንደ ወርቅ ጠብቄያት ነው» ሲል ከፍያለው ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ዋጋውን አስቀነሰው።

ዛሬ ከአምልኮ ወጥተን እትዬ ጣይባን ልናሳያቸው ወደ ደሴ ወጣን። ከፍያለው ይነዳል፤ እኔ ከፊት፣ ጽናት ከኋላ። ዳገቱ መሃል ላይ «ባይነሽ» አለኝ።

«ምን?»

«አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ዋስ ሁነኝ ብሎኛል። መልስ አልሰጠሁትም። መጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

መንገዱን አየሁ። ልቤ ያለፈውን ክረምት ሁሉ አሰበ።

«ለምንድን ነው የሚበደረው?» አልሁት።

«የብረት ብየዳ ሊከፍት ነው።»

«ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

«እሑድ ይዘኸው ና» አልሁት። «ምሳ ይብላና እንየው። ሚስቱንም ይዟት ይምጣ።»

ከፍያለው ጥቂት ነዳ። ከዚያ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ።

ጽናት ከኋላ አንገቷን አሰገገች። «አባዬ፣ ምነው? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አላት።